ድርሻ የሌለው ሰው

አናጢው ሣህሌ ሥጋ መብላት ያቆመ ጊዜ ሰፈራችን ምክንያቱን ለማግኘት ያላደረገው ምርመራ አልነበረም። ሐኪም ከልክሎት ነው ያሉ ነበሩ። ስለት አለበት ያሉ ነበሩ። የሚስቱን ወጥ ሸሽቶ ነው ያለ አንድ ክፉም አልጠፋ፤ ዛሬም ጎረቤቴ ስለሆነ ስሙን አልጠራም። እውነቱን የነካ ግን ማንም አልነበረም። እውነቱ የመጣው ከህንድ አገር ነው፤ ሰፈራችን ደግሞ ከህንድ አገር የሚያውቀው የሒሳብ አስተማሪና እንባ የሚያራጭ ሲኒማ ብቻ ነበር።

ሰፈሩ ከሲግናል ወደ ላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቁልቁል ወርዶ ከሰው አጥር ጋር የሚገፋፋበት ቦታ ነው። ዘመኑ ሁላችንም ጓድ የተባልንበት ዘመን ነው። ሣህሌ እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አግብቶ፣ እዚያው አናጢ ሆነ። እጁን ማንም አያማም። አፉን ግን የማያማው አልነበረም። ቁም ሣጥን የሠራላት አንዲት ሴትዮ «በሩ ትንሽ ያዘመመ አይመስልህም?» ብትለው «ያዘመመውስ አንገትሽ ነው!» ብሎ ቁም ሣጥኑን በጋሪ አስጭኖ መልሶ ወሰደባት። ማታ ማታ አልጋው ላይ ሆኖ የሠራቸውን ዕቃዎች እያሰበ ይንገበገባል። ያን ጠረጴዛ ልጆቹ በቢላዋ ፍቀውት ይሆን? ያቺ ሰነፍ ድስት ከነትኩሳቱ አስቀምጣበት ይሆን? አዲስ አበባ በሙሉ የእሱን ዕቃ ሊያበላሽ ተማምሎ የተነሳ ይመስለው ነበር።

የቅርጫ ዕለትማ አይነሳ። ጎረቤት ተሰባስቦ በሬ ገዝቶ ሲካፈል ሥጋው መደብ መደብ እየሆነ ቅጠል ላይ ይደረደራል፤ ሣህሌ በመደቦቹ መሀል እንደ ኬላ ፈታሽ ይመላለሳል። «ሻኛው የት ገባ? ይቺ ጎድን ናት ወይስ የጎድን ጥላ?» ሰው ከእሱ ጋር አንድ ቅርጫ ከመግባት ሽሮ ይሻለኛል ይል ነበር።

ይህን ሰው ከሚስተር ጆሺ ጋር ያገናኘው ጠረጴዛ ነው። ሚስተር ጆሺ ወደ ኮተቤ በኩል ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር፣ ቀጭን፣ መነጽራም ህንድ ነበር። አማርኛ ይችላል፤ ከገበያ የለቀመው ስለሆነ ግን ሰውን ሁሉ «አንተ» ነው የሚለው። ዳይሬክተሩንም አንተ፣ ሽንኩርት ሻጯንም አንተ። ሣህሌ ከሚሠራበት የአናጢዎች ማኅበር ጠረጴዛ ገዝቶ ወሰደና ብዙም ሳይቆይ አሸክሞ መልሶ አመጣው።

«እግሩን ቁረጥልኝ» አለ።

«ምን?»

«እግሩን። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ነው የምበላው። ይኼ ረጅም ነው።»

ሣህሌ መዶሻውን አስቀመጠ። መዶሻ ሲያስቀምጥ ጓደኞቹ ይበተናሉ።

«እኔ የሠራሁትን ጠረጴዛ? ያን እግር ለማስተካከል ምን ያህል እንደለፋሁ ታውቃለህ? በእኔ እጅ አይቆረጥም! ሂድና ሌላ ጨካኝ ፈልግ!»

ሚስተር ጆሺ መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። «ሠርተህ ጨረስክ?»

«ጨርሻለሁ!»

«ጥሩ አድርገህ?»

«ጥሩ ነዋ! ዓይን የለህም እንዴ?»

«ታዲያ ከጨረስክ ለምን እስካሁን ይዘኸዋል?» አለ። «መሥራት ያንተ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ያንተ አይደለም። አባቴ እንዲህ ይለኝ ነበር። እኔም አስተምሬ አስተምሬ ተማሪ ዜሮ ሲያመጣ ለራሴ እንዲህ እላለሁ። ባልል ኖሮ ይኼኔ ጨርቄን ጥዬ ነበር።»

ሣህሌ ጠረጴዛውን ገለበጠው። መጋዙን አነሳ። አብረውት የሚሠሩት እንደሚሉት የራሱን እግር የሚቆርጥ ይመስል ነበር። ቆርጦ ጨርሶ ግን አየው፤ ጠረጴዛው አጭር ሆነ እንጂ አልሞተም። የዚያን ዕለት ሣህሌ ቤቱ ገብቶ ምንም ሳይነጫነጭ እንቅልፉን ተኛ። ሚስቱ የማርያምወርቅ ታመመብኝ ብላ ግንባሩን ዳሰሰችው።

ከዚያ በኋላ ሣህሌ ሚስተር ጆሺ ዘንድ መመላለስ አመጣ። ያን አጭር ጠረጴዛ መሀል አድርገው መሬት ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ። ህንዱ ስለ አገሩ የድሮ ሰዎች ትምህርት ያወራል፤ ሣህሌ ይጠይቃል፤ ደግሞ ይከራከራል። ያ ሁሉ ክርክር ሲጠቃለል ሦስት ነገር ይዞ ወጣ፦ ሥራህን በሙሉ ልብህ ሥራ፣ ፍሬውን ግን ጨብጠህ አትነቅ። ለሆድህ ስትል ነፍስ ያለው ነገር አታስገድል። ጠዋት ከሰው ጋር ከመነጋገርህ በፊት ዝም ብለህ ከራስህ ጋር ተቀመጥ። ሣህሌ ክርስትናዬስ ምን ይሆናል ብሎ ቢጠይቀው ሚስተር ጆሺ ሳቀ። «አምላክህን ስጠኝ አላልኩህም። ንዴትህን ስጠኝ ነው ያልኩህ።»

ትምህርቱ መጀመሪያ ላይ አልተስተካከለለትም። ልጁ ሣራ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታ የመጣች ቀን የማርያምወርቅ እልል ብላ ስትቀበላት፣ ሣህሌ ረጋ ብሎ «ይቺ ልጅ እኮ የእኔ አይደለችም» አለ።

እልልታው ቆመ። «የማን ናት ታዲያ?»

«የእኔ አይደለችም ነው የምልሽ።»

«የማን እንደሆነች ዛሬ ሳትነግረኝ ከዚህ ቤት አትወጣም! ሣራ፣ በሩን ዝጊው!»

«የፈጣሪ ናት፣ በአደራ ነው የያዝናት ለማለት ነው አንቺ ሴትዮ!»

«ታዲያ ከፈጣሪ አትጀምርም?» አለችና እሱን እንደመታች ያህል የመሶቡን ክዳን አጋጨችው። ያን ፍልስፍና ቤት ውስጥ እንዳይደግመው አስማለችው።

ቀስ እያለ ግን ገባው። ዕቃ ሲጨርስ አንዴ በመዳፉ ዳበስ አድርጎ «በል ሂድ እንግዲህ» ይለዋል፤ ያችው ነበረች ስንብቱ። ደንበኛ ሲነቅፈው «የቱ ጋ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ያዩ ጓደኞቹ ደነገጡ። ጠዋት ጠዋት ወደ እንጦጦ ጥግ ወጣ ብሎ አንድ ባሕር ዛፍ ሥር እግሩን አጣጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጥና ወርዶ ሥራው ይገባል። ቤተ ክርስቲያኑን ይስማል፣ ጾሙን ይጾማል፤ ጾሙ ሲፈታ ግን እሱ አይፈታም። ከቅርጫውም ወጣ። ስሙን ከቅርጫ ያወጣ ዕለት ሰፈሩ በሆዱ እልል አለ፤ በአፉ ደግሞ «ምን ነካው?» አለ።

ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ሰው ወደ ህንዱ እንዳያመለክት፣ የህንዱ ነገር ራሱ አደናግሮት ነበር። ሰፈራችን ሚስተር ጆሺን መጀመሪያ ያየው እንደ ባሕታዊ ነው። ሥጋ የለ፣ ዕንቁላል የለ፤ ዓመቱን ሙሉ ምስርና ጎመን። «ህንዱ እንኳ እንዲህ ይጾማል፣ አንተ ግን!» እየተባለ የተገሠጸው ልጅ ብዙ ነው። በኋላ አንድ ዓርብ ወይዘሮ ውዴ ወተት ሲጠጣ አየችው። በዓርብ! በጠራራ ፀሐይ! ብርጭቆውን ደግሞ እስከ ታች! ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሕታዊነቱ ተገፈፈና ተራ ህንድ ሆነ።

ወይዘሮ ውዴ የሣህሌ የአጥር ጎረቤት ናት። ኢትዮጵያ ሬዲዮ እንኳ ዜና የሚያነበው ሰዓት ጠብቆ ነው፤ እሷ ሰዓት አትጠብቅም። አንድ ጠዋት ጭራሮ ልትለቅም ወጥታ ሣህሌን ዛፉ ሥር ዓይኑን ጨፍኖ አገኘችው። ጭራሮዋን እዚያው ጥላ ወረደች።

«ሣህሌ ጴንጤ ሆኗል» አለች። «በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚጸልየው።»

በዚያ ዘመን ይህ የቀልድ ቃል አልነበረም። በዚህ ቃል ቀበሌ ተጠርቶ ያደረ ብዙ ነው፤ በእድር በኩል ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከእድር የተሰረዘ ሰው ድንኳኑን የሚተክል፣ ሬሳውን የሚሸከም የለውም። ሣህሌ ቤት ደግሞ የየማርያምወርቅ እናት እማማ አስካለች አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል። ዛሬ ነገ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ወሬው የማርያምወርቅ ጆሮ ሲደርስ ያለችው አንድ ነገር ነው፦ «እናቴን ማን ሊቀብርልኝ ነው?»

እድሩ ተሰበሰበ። ዳኛው አቶ ተሾመ ነው፤ ኮቱን የሚለብሰው ሲፈርድ ብቻ ነው። ወይዘሮ ውዴ ያየችውን ተናገረች፤ ያላየችውንም አከለችበት። ከአዛውንቶቹ አቶ ወልደሰንበት ተነሱና ጉሮሯቸውን ጠራርገው፦

«እኔ የማይገባኝ ነገር አለ። ጴንጤ ማለት በጾም የሚበላ ነው። ይኼ ሰውዬ ግን በፍስክም አይበላ! ጴንጤ ቢሆን በሁዳዴ አንድ ቀን እንኳ ጥብስ አይሸተንም ነበር?» አሉ።

«እስላም ሆኖ ይሆናላ!» አለች ውዴ።

«እስላም አያርድም እንዴ አንቺ? አርዶ አይበላም?»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

እድሩ እርስ በርሱ ተያየ። ሣህሌን የሚያስቀምጥበት ቅርጫት አጣ። ሣህሌ ሲጠየቅ «ክርስቲያን ነኝ። ሥጋ ትቻለሁ፣ ንዴትም ትቻለሁ፣ አለቀ» ብሎ ተቀመጠ። ድሮ ቢሆን ኖሮ ይህን ጉባኤ በመዶሻ ነበር የሚበትነው፤ አለመናደዱ ራሱ ጥርጣሬውን አባሰው።

በመጨረሻ አቶ ተሾመ ፈረደ። «ፋሲካ ደርሷል። በቅርጫው ቦታ፣ ሁላችንም ባለንበት፣ ከእኔ እጅ አንዲት ጉርሻ ሥጋ ይጎርሳል። ከጎረሰ የእኛ ነው። ካልጎረሰ ስሙ ይሰረዛል።»

ሣህሌ ከስብሰባው ወጥቶ በቀጥታ ሚስተር ጆሺ ዘንድ ሄደ።

«ብላ ወይም አትብላ በለኝ።»

«እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ» አለ ሚስተር ጆሺ። «አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ሥጋ አለመብላትህን ሰው ሲያደንቅልህ ደስ ይልሃል?»

ሣህሌ አሰበ። «ትንሽ።»

«ሲያሙህስ?»

«እሱም ትንሽ ደስ ይለኛል። ከእነሱ የተሻልኩ ይመስለኛል።»

«አሃ!» አለ ህንዱ ጣቱን ቀስሮ። «ጠረጴዛውን ለቀቅህና አለመብላትህን ያዝክ። ዕቃ ነው የቀየርከው። አያያዝህ ያው ነው።»

«ስለዚህ ልብላ?»

«እሱን አላልኩም።»

«እንዳልበላ?»

«እሱንም አላልኩም። ምስሩ እንዳይቀዘቅዝ ና ቅረብ።»

ሣህሌ እየተናደደ ሊወጣ ሲል እንደተናደደ አወቀና ሳቀ። መንገድ ላይ አሰላሰለው፤ ቤቱ ሲደርስ ቆርጦ ነበር። የማርያምወርቅን ጠርቶ «እጎርሳለሁ» አላት። «እኔ ሥጋ አልበላም ማለቴ ከእማማ ቀብር አይበልጥም። አንዲት ጉርሻ ናት። በማግስቱ ወደ ምስሬ እመለሳለሁ።» የማርያምወርቅ አለቀሰች። እሱ ስለሚጎርስ ይሁን እናቷ ስለሚቀበሩ ለይታ አልነገረችንም።

የፋሲካ ጠዋት በሬው በአቶ ተሾመ ግቢ ታረደ። ከካራ የከብት ገበያ የመጣ፣ ሻኛው እንደ ቁና የተቆለለ በሬ ነው። ሥጋውን የሚመድበው እንደ ወትሮው አቶ ገመዳ ነበር። እንደ ደንቡ ባለ ድርሻዎቹ ሁሉ ምልክት ያዋጣሉ፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ፣ አንዱ ቆርኪ፣ አንዱ የማንኪያ ስባሪ። አንድ ሰው ምልክቶቹን ሰብስቦ በየመደቡ ላይ ይጥላል፤ ምልክትህ የወደቀበት ያንተ ነው። ችግሩ፣ ጣዩም ባለ ድርሻ ነው፤ መዳቢውም ባለ ድርሻ ነው። በገና የገመዳ ቆርኪ ሄዳ ሄዳ ሻኛው ላይ ነበር ያረፈችው። ካቻምና ደግሞ ሽንጡ ላይ።

«ያቺ ቆርኪ ዓይን አላት» አለች ወይዘሮ ውዴ ገና ምልክቱ ሳይሰበሰብ። እሷ ባሏ ከሞተ ወዲህ የደረሳት ሁሉ አጥንት ነው ብላ ታምናለች።

«ምን ማለትሽ ነው?» አለ ገመዳ ቢላዋውን እንደያዘ።

«ያልኩትን ነው ያልኩት። ዛሬ አንተ አትመድብም።»

«እሺ አንቺ መድቢያ!»

«እሷም አትመድብም!» አለ ሌላው ከኋላ። «ዓይኗ ከአሁኑ ዳቢቱ ላይ ነው።»

ተሾመ ልመድብ ቢል ጮኹበት። ዕጣ ጣይ ከመንገድ እንጥራ ቢባል የሚያልፈው ሰው ሁሉ የአንዱ ዘመድ ሆነ። ፀሐይዋ ወጥታ ዝንቡ ከሁሉ ቀድሞ ድርሻውን መውሰድ ጀመረ። ከሁዳዴ የወጣ ሰው ሥጋ ፊት ቆሞ ሲጠብቅ እንዴት እንደሚሆን የጾመ ያውቀዋል። ሊደባደቡ ትንሽ ሲቀራቸው አቶ ወልደሰንበት ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ።

«እዚህ ግቢ ውስጥ ድርሻ የሌለው ሰው ማን አለ?»

ሰው ባለ ድርሻዎቹን በዓይኑ ቆጠረ። ከዚያ ሁሉም ቀስ እያለ ወደ በሩ ዞረ። ሣህሌ ጉርሻውን ሊጎርስ መጥቶ፣ ሚስቱን አጠገቡ አድርጎ ተራውን እየጠበቀ ቆሟል።

«ሚስቱስ?» አለ ገመዳ።

«እኔ ዶሮዬን ሠርቻለሁ» አለች የማርያምወርቅ። «ከበሬያችሁ ጅማት የለኝም።»

ሣህሌ ቢላዋውን ተቀበለ። ለመመደብ የተለየ ጥበብ አልነበረውም፤ ከዚህ አንስቶ ወደዚያ ያስቀምጣል፣ ያያል፣ መልሶ ያነሳል። ሰው ከልማድ የተነሳ ለመጮህ አፉን ይከፍትና ይዘጋዋል። ምን ይለዋል? ለራስህ ነው እንዳይለው አይበላ። ለዘመድህ ነው እንዳይለው ድሮ ሁሉንም እኩል ሰድቧል። መድቦ ሲጨርስ ፊቱን አዙሮ ምልክቱን ተቀበለና ጣለ። የወይዘሮ ውዴ የማንኪያ ስባሪ የወደቀችው ሽንጥ ያለበት መደብ ላይ ነው። የአቶ ተሾመ ቁልፍ ሻኛው ላይ። የገመዳ ቆርኪ ጎድን ላይ አርፋ ተገላበጠች፤ ገመዳ ራሱ ሳቀባት። በሰፈራችን ታሪክ ቅርጫ ያለ ጩኸት ሲያልቅ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

አሁን ጉርሻው ቀረ። አቶ ተሾመ ኮቱን ከትከሻው አስተካክሎ ከጉበቱ ቆንጆ አድርጎ ቆረጠ፣ ሚጥሚጣ ነካ አደረገና እጁን ዘረጋ። «በል ሣህሌ። በስመ አብ።»

ሣህሌ ፊቱ ላይ ቅሬታ አልነበረም። ጎንበስ አለና አፉን ከፈተ።

«ቆይ!»

ጩኸቱ የወይዘሮ ውዴ ነበር። የሽንጧን መደብ በነጠላዋ እንዳቀፈች መጥታ በመሀከላቸው ገባች።

«እንዳይጎርስ! ዛሬ ከቀመሰ ነገ ድርሻዬ ይላል። ለመስቀል ማን ሊመድብልን ነው? ገመዳ? እሰይ!»

«ውሳኔ ውሳኔ ነው» አለ ተሾመ እጁ እንደተዘረጋ።

«ውሳኔውን ማን አመጣው? እኔ አይደለሁም? እኔው አነሳሁት!»

«ጴንጤ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ እኮ!»

«ጴንጤ ሥጋ ይበላል እቴ! እናንተ ደግሞ፣ ይኼን እንኳ አታውቁም?» አለች፤ አቶ ወልደሰንበት ያሉትን ዘርፋ በራሷ ስም ስትናገር ዓይኗን አላሸችም። «ዝም ብሎ አየር ሊቀበል ነው ዛፍ ሥር የሚቀመጠው። እኔ ጎረቤቱ ነኝ፣ እኔን ጠይቁኝ።»

አቶ ተሾመ ጉባኤውን አየ። ጉባኤው እያንዳንዱ የራሱን መደብ እያየ ነው። ተሾመም ዘወር ብሎ ሻኛውን አየ፤ ስንት ዓመት ሙሉ ሳይደርሰው የኖረውን ሻኛ። ጉርሻውን ጥቂት በአየር ላይ አቆየው። ከዚያ ራሱ ጎረሰው።

«ይኼ ሰው የእኛ ነው» አለ እያላመጠ። «ከዛሬ ጀምሮ ሥጋ እንዳይበላ እድሩ ወስኗል።»

ሣህሌ አፉን ገጠመ። የማርያምወርቅ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትንቀጠቀጥ ነበር፤ በሳቅ ነው። ማታ ሚስተር ጆሺ ይህን ሲሰማ አጭሩ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ እስኪያስለው ሳቀ። «ሁሉም አጥብቀው ስለያዙ አንተን ለቀቁህ!» አለ። እማማ አስካለች በኋላ ክረምት ላይ ሲያርፉ ድንኳኑ ዝናብ ሳያስገባ ተተከለ። ከተሸካሚዎቹ ፊተኛው ገመዳ ነበር።

ሣህሌ ከዚያ ወዲህ ለመስቀልም፣ ለገናም፣ ለፋሲካም ይመድባል። ከካራ ድረስ የሚጠራው ቅርጫ መጣ። ወሬው ዞሮ ዞሮ ቀበሌ ደረሰ፤ ሊቀመንበሩ አስጠራው። የቀበሌው ሱቅ ስኳር ሲያድል ሕዝቡ መጯጯሁን አልተወም፤ ድርሻ የማያጓጓው፣ የታመነ ሰው ተፈልጓል።

«ጓድ ሣህሌ፣ ስለ አንተ ሰምተናል» አለ ሊቀመንበሩ። «የስኳሩን እደላ ለአንተ መስጠት ነው የምንፈልገው።»

ሣህሌ ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ የተውኩት ሥጋ ነው። ስኳር እወዳለሁ።»

ሊቀመንበሩ እንዲህ ያለ ምክንያት ሰምቶ አያውቅም። «ታዲያ ማንን ልሹም? ያን ጓደኛህን ህንዱን?»

«ኧረ እሱንማ እንዳያስቡት» አለ ሣህሌ። «ከእኔ ይብሳል።»